የጥያቄ ምልክት

ሐሙስ ሐሙስ ጧት ነው፣ መጥረጊያ ይዤ የምመጣው፣
ከሊንከንሽር ጠረፍ ባሕሩ ሸሽቶ፣ ጭቃው ሲቀር ለብቻው።
የሳንቃ ጎጆ ናት፣ ከረግረጉ ዳር የቆመች፣
በግንባሯ በኩል አንድ ስንጥቅ የተወች፤
በዚያች ጠባብ ስንጥቅ ሰው ዓይኑን ሲልክ፣
ወፍ ሳታውቅበት ያነባል የወፍ መልክ።

እኔ ሊቅ አይደለሁም። ድንቢጥና ቁራ፣
ዳክዬና ዝይ ነው የማውቀው በተራ።
የቀረው በሙሉ ትንሽ ነው፣ ቡናማ፣
ጣቴን ሳላነሣ ሽው የሚል፣ ክንፉ ሳይሰማ።

እነሱ ግን ያውቃሉ።
አንድ አግዳሚ ወንበር፤ ተርሎው በግራ ጫፍ፣
ቤሪል በቀኝ ጫፍ። በመሃል ሁለት ፔርሙዝ፣ በመሃል ዝም ያለ አፍ።
እሱ የባቡር ሐዲድ መብራት ሲያበራ የኖረ፣
ቀይና አረንጓዴን ሳይሳሳት የቆጠረ፤
እሷ የጥርስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ስትጽፍ፣
«ትንሽ ነው የሚያምዎ» እያለች ስታሳልፍ።

ነገሩ እንዲህ ነው (ወፍ ነገረችኝ ልበል)፦
የዛሬ ዐርባ ዓመት፣ በጥቅምት፣ ጉሙ ሲንከባለል፣
ከሳይቤሪያ ተነሥታ መንገድ የሳተች፣
ቢጫ ቅንድብ ያላት፣ ካውራ ጣት ብዙ ያልበለጠች፣
«እዚያ ቁጥቋጦ ላይ!» ብሎ ደብተሩን ገለጠ፣
ስሟን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱን፣ በቀለም አስቀመጠ።
ቤሪል አጠገቡ፣ መነጽሯን ደግፋ፣
«ቅንድብ አላየሁም» አለች፣ ድምጿን አሳርፋ።
በቃ። ሌላ ቃል የለም። ያቺው ናት ጠባቸው፣
ዐርባ ክረምት ሙሉ ስታቀዘቅዝ ሻያቸው።

ዛሬ ግን ልጅ መጣች፣ ታምሲን ነው ስሟ፣
የአጎቷን መነጽር የተሸከመች በአቅሟ።
ሄዳ ዘጭ አለች፣ ባዶው መሃል ቦታ!
ፔርሙዞቹ ሸሹ፣ ግራና ቀኝ፣ ላንድ አፍታ።
«ያቺስ? ከሸምበቆው ጫፍ የምትወዛወዘው?»
ተርሎው መነጽር አነሣ፤ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ በክርኑ ያዘው።

በሚያዝያ ቢሆን ቀላል ነበር ፍርዱ፤
ቺፍቻፍ የራሷን ስም ትጠራለች ከግንዱ፣
«ቺፍ-ቻፍ፣ ቺፍ-ቻፍ» እያለች፣ እንደ ሳንቲም ቆጣሪ፤
እህቷ ግን ሌላ ናት፣ ቁልቁል ፈሳሽ ዘማሪ።
እግሯ የጠቆረ አንዷ፣ እግሯ የፈካ ሌላዋ፤
በተረፈ ግን አንድ ነው፣ ላባዋም ገላዋ።
ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች፣ ይላል የድሮ ሰው፤
በመስከረም ግን ዝም ናት፤ ዝምታን ማን ይተርጉመው?

ተርሎው አየ። ቆየ። እግሯን ሸምበቆ ጋረደው፣
ዓይኑን ደግሞ ዕድሜ።
«እኔ እንጃ» አለ።

ስድስት ዓመት ስጠርግ ሰምቼው አላውቅም፣
እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ሲወጣ፣ ለማንም።
ልጅቱ «እሺ» አለች፣ ብስኩቷን ቆረሰች፤
«እኔ እንጃ»ን እሷ በየክፍሉ የለመደች።

እሱ ግን ከኪሱ ያን ደብተር አወጣ፣
ጠርዙ በዝናብ ያበጠ፣ ገጹ የገረጣ።
ጥቅምትን አገኘ። ብዕሩ ደርቆ ወረቀቱን ፋቀ፤
ከቀኝ ጫፍ አንድ እርሳስ፣ በልጅቱ ጉልበት ላይ ዘለቀ።
አልሰረዘም። ከስሟ ጎን የጥያቄ ምልክት ሠራ፣
ጎበጥ ያለች፣ እግር የለሽ ወፍ፣ ነጥብ ላይ ሰፍራ።

ቤሪል አየች። ወደ ጭቃው አቀረቀረች፤
«ያን ቀን እኮ» አለች፣ «መነጽሬም ጉም ለብሳ ነበረች።»

ይኸው ነው። ማንም አልተቃቀፈ፣ ማንም አልታረቀ፤
ለልጅቱ ግን ከግራም ከቀኝም ሻይ ፈለቀ።
ወፊቱም ሄደች፣ ሸምበቆዋን አንዴ አጎንብሳ፣
ወደ አፍሪካም ይሁን፣ ወደ ጓሮ፣ ስሟን ለብቻዋ ለብሳ።

ማምሻውን አንድ ጎረምሳ፣ ካሜራው ክንዱን የሚያህል፣
በሩን ገፋ አድርጎ «ዛሬ ምን ታየ?» ሲል፣
«ወፍ የለም» ልለው ነበር። አፌ እምቢ አለ።
ጠመኔ አነሣሁ፤ ከሁለት መቶ ዝይ በታች፣ ሰሌዳው ቦታ ነበረው፦

አንዲት። ትንሽ፣ ቡናማ። ሸምበቆ ላይ።
ስሟ አልታወቀም።
አራት ሰው አይቷታል።

(እኔንም ቆጥሬ።)